ጀልባው ፈቃድ ነበረው፤ ታዲያ የተፈተሸው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ «በብዙ አገር መንገድን፣ መርከብንና የሐይቅና የወንዝ ጀልባን የሚቆጣጠረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ጀልባ ሰጥሞ ሰው ሲያልቅ ‹ፈቃድ ነበረው፣ ምርመራም አልፏል› ይባላል። ታዲያ መንግሥት የሚቆጣጠረው ምኑን ነው? ሦስቱ ተለያይተው ለየብቻ ቢያዙ አይሻልም ወይ?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን ያነሱት ነገር ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ስለ መሥሪያ ቤቱ አደረጃጀት፣ ሌላው ፈቃድ ስለሚባለው ወረቀት። እኔ ከመርከብ ምርመራ በፊት ጥቂት ዓመታት የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ። ዕድሜዬን የበላው ግን ወረቀቱ ነውና እሱ ላይ እቆያለሁ። አስቀድሜ የአደረጃጀቱን ልመልስ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ላይ መሆን ወይም መለያየት ብቻውን ሰው አያድንም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ራይክስዋተርስታት የሚባለው መሥሪያ ቤት በ1798 ሲቋቋም ዋና ሥራው ውሃ ነበር። ዛሬ ግን የአገሪቱን ዋና ዋና የውሃ መንገዶችም አውራ ጎዳናዎችም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ታንዛኒያ ደግሞ የየብሱንና የውሃውን ትራንስፖርት የሚቆጣጠር አንድ አካል ነበራት። በኋላ ግን የየብሱን ለአንድ፣ የውሃውን ለሌላ አካል አከፋፈለችው። ለሁለቱም አሠራር በቂ ምክንያት ማቅረብ ይቻላል።

አንድ ላይ የመሆን ጥቅሙ የሚታየው መንገድና ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ድልድይ ላይ። መጋቢት 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የምትባል 300 ሜትር ገደማ የምትረዝም የኮንቴይነር መርከብ አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር ወደብ ላይ ኤሌክትሪኳ ተቋርጦ ከፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ምሰሶ ጋር ተጋጨች። ከመርከቧ የወጣው የድረሱልን ጥሪ ለፖሊስ ደርሶ በደቂቃዎች ውስጥ መኪኖች ወደ ድልድዩ እንዳይገቡ ታገዱ። ያቺ ጥሪ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፋለች። ድልድዩ ላይ የመንገድ ጥገና ይሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ግን አልተረፉም። ድልድዩ የተከፈተው በ1977 ነው፤ መርከቦች ከዚያ ወዲህ እጅግ ገዝፈዋል። ድልድዩን የሚጠብቀው አካል ሌላ፣ መርከቧን የሚመረምረው ሌላ ነው። «በሥሩ የሚያልፈው መርከብ ዛሬ ስንት ቶን ሆኗል? ምሰሶውስ ይህን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጥያቄው በሁለት ቢሮዎች መካከል ወድቆ ይቀራል።

ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ነው። መንገድ ብዙ በጀት ይፈልጋል፣ ብዙ ድምፅም አለው። በአንድ ሚኒስቴር ሥር ሲሆኑ የውስጥ ውሃ (የሐይቅና የወንዝ) ክፍል ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ኮሪደር ላይ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ያረጀ ሞተር ጀልባ የተመደበላት ቢሮ ሆና ትቀራለች። የባሕሩ ክፍል ቢያንስ ዓለም አቀፍ ሕግ ይገፋዋል። ታይታኒክ በ1912 ከሰጠመች በኋላ በ1914 የተጀመረው፣ ዛሬ በ1974ቱ ይዘቱ የሚሠራበት ሶላስ የሚባለው የባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት አለ። መርከብ ሌላ አገር ወደብ ስትደርስም የዚያ አገር መርማሪ ወጥቶ ያያታል፣ ጉድለት ካገኘም እንዳትነሳ ይይዛታል። አውሮፓውያኑ በ1978 አሞኮ ካዲዝ የምትባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ከተሰበረች በኋላ፣ በ1982 ፓሪስ ላይ ተፈራርመው ይህን ምርመራ በጋራ ማካሄድ ጀመሩ። የየትኛው ሰንደቅ ዓላማ መርከቦች ስንት ጊዜ እንደተያዙም በይፋ ያወጣሉ።

በአንድ አገር ውስጥ ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ የምትመላለስ ጀልባ ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት። ሶላስ የሚመለከተው ከአገር ወደ አገር የሚጓዙትን ነው። የውጭ መርማሪ መጥቶ አያያትም። ያላት ጥበቃ የአገሯ ሕግ ብቻ ነው፤ እሱ ከላላ ሁሉም ላላ። የአውሮፓው ራይን ወንዝ ዕድለኛ ነው፤ ብዙ አገሮች ስለሚጋሩት በ1815 የቪየና ጉባኤ ላይ መነጋገሪያ ሆነ። በ1868 የማንሃይም ስምምነት ጸና፤ ዛሬም ድረስ የወንዙ የጋራ ኮሚሽን ስትራስቡርግ ተቀምጦ የጀልባውንም የካፒቴኑንም ብቃት ደንብ ያወጣል። የመንግሥታት ጥቅም ያገናኘው ወንዝ ሕግ ቀድሞ አገኘ፤ ድሃ መንገደኛ ብቻ የሚሻገርበት ሐይቅ ግን ዘግይቶበታል። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

አዲስ ጀልባ ወይም ከባድ ጥገና የተደረገለት ጀልባ ሲመጣልን ከሚደረጉት ምርመራዎች ዋናው ማጋደል ነው። ነፋስ የሌለበት ማለዳ ይመረጣል። የታሰረበት ገመድ ይላላል። ታንከሮቹ ወይ ጢም ብለው ይሞላሉ ወይ ጠብታ ሳይቀር ይደርቃሉ። ከሁለት ሦስት ሰው በቀር ሁሉም ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሜትር በሚሆን ገመድ ቱንቢ እንሰቅላለን፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበት ያው ቱንቢ ነው። እንዳይወዛወዝ ጫፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ እናጠልቀዋለን፣ ከገመዱ ሥር ማስመሪያ እናጋድማለን። ከዚያ ክብደታቸው የታወቀ ብረቶችን ከጀልባው አንዱ ጎን ወደ ሌላው፣ ርቀቱን እየለካን እናዛውራለን። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ገመዱን ያያል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሄደ፣ ሦስት ሄደ። የጀልባው ክብደት ማዕከል ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ የሚሰላው ከዚህች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ሲጋደል ተመልሶ ይቆማል ወይስ እንደተጋደለ ይሄዳል የሚለው የሚታወቀውም ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «100 መንገደኛ» የሚለው ቁጥር ወንበር ተቆጥሮ የወጣ አይደለም። «100 ሰው፣ በዚህ ወለል ላይ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢሰበሰብ እንኳ ይህ ጀልባ ይመለሳል» የሚል ቃል ነው። ቃሉ የሚጸናው ግን ጀልባው እንደዚያ ማለዳው ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ባለቤቱ ከወር በኋላ ለጥላ ብሎ ከላይ ብረት ቢበይድ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል ቢያስቀምጥ፣ ከሥር ለክብደት የተቀመጠውን ድንጋይ «ነዳጅ ይበላብኛል» ብሎ ቢያወጣ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ባያልፍም ወረቀቱ ሞቷል። «ፈቃድ ነበረው» የሚለውን ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ጀልባ? የተመረመረው ወይስ የሰጠመው?

ይህን በደንብ ያስተማረችን ኢስትላንድ የምትባል የመንገደኛ መርከብ ናት። ሐምሌ 24 ቀን 1915 ቺካጎ ከተማ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ታስራ እንዳለች፣ ገና ሳትነሳ ወደ ጎኗ ተገለበጠች። የውሃው ጥልቀት ስድስት ሜትር ገደማ ነበር፣ ዳርቻውም እጅግ ቅርብ። 844 ሰው አለቀ። የተፈቀደላት 2,500 መንገደኛ ነበር፤ የተሳፈረውም ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ፈቃዷን ጥሳ አልነበረም። መርከቧ ድሮም ከላይ የመክበድ ችግር ነበረባት። ከታይታኒክ በኋላ «ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጀልባ ይኑር» የሚለው ጥያቄ ሲበረታ ባለቤቶቿ ተጨማሪ ጀልባና መንሳፈፊያ ላይኛው ደርብ ላይ ጫኑባት። ማዳኛው ራሱ ከፍታ ላይ የተጫነ ክብደት ሆነ። ማዳኛዎቹን የቆጠረ ነበር፤ ክብደታቸው የት እንዳረፈ ግን ማንም በማጋደል አልፈተሸም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁጥጥር የጭነት መስመር ነው፤ መርከብ ጎን ላይ ያለው፣ ክብ ውስጥ የተሰመረው ምልክት። እንግሊዛዊው የፓርላማ አባል ሳሙኤል ፕሊምሶል ባለንብረቶች አርጅተው የነበሩ መርከቦችን ከመጠን በላይ እየጫኑ መርከበኛ ሲያስፈጁ አይቶ ታገለ፤ በ1876 ምልክቱ ግዴታ ሆነ። ሕጉ ግን ምልክቱ ይኑር አለ እንጂ የት ላይ ይሁን የሚለውን ለባለንብረቱ ተወው! የራሱን መስመር ራሱ ያሰምራል ማለት ነው። ቦታው በሕግ የተወሰነው ከዓመታት በኋላ በ1890ዎቹ ነው። ለወጣት መርማሪዎች ትምህርት ስሰጥ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ደንብ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ልኩን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ሌላ ነው።

መስመሩም ብቻውን አይበቃም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሚያዝያ 16 ቀን 2014 የሰጠመችው ሴዎል ከተፈቀደላት በእጥፍ የሚበልጥ ጭነት ይዛ ነበር። ታዲያ መስመሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዴት አላስያዛትም? ከሥር ለሚዛን የሚያዘውን ውሃ ቀንሰው ነበራ። ከሥር ክብደት ሲቀነስ መርከቧ ከፍ ትላለች፣ መስመሩም ከውሃ በላይ ይታያል። ጠቅላላ ክብደቷ ደህና ይመስላል፣ ክብደቱ ያለው ግን ከላይ ነው። ቀድሞም ላይኛው ክፍሏ ላይ ተጨማሪ መንገደኛ ማረፊያ ተሠርቶባት ነበር። መሪዋ ወደ ጎን ሲዞር ተጋደለች፤ በደንብ ያልታሰረው ጭነት ተንሸራቶ ከጎኗ ተከመረ፤ አልተመለሰችም። 304 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ለጉብኝት የሚሄዱ ተማሪዎች ነበሩ።

የሴዎልን የመነሻ ፍተሻ ያደረገው ማን ነበር? የመርከብ ባለንብረቶች በሚከፍሉት ገንዘብ የሚተዳደር ማኅበር። ከአደጋው በኋላ ሥራው ከማኅበሩ ተወስዶ ለሌላ አካል ተሰጠ። ሥራዬ ያሳመነኝ ነገር ይህ ነው፦ ሦስቱ ዘርፎች በአንድ ቤት ይሁኑ አይሁኑ ከሚለው ይልቅ፣ የሚያሠራውና የሚፈትሸው እጅ አንድ ነው ወይ የሚለው ነው የሰው ሕይወት የሚወስነው። ፈታሹ ደመወዙን ከተፈታሹ የሚያገኝ ከሆነ ለአንድ ጀልባ «ዛሬ አትነሳም» ማለት ለራሱ እንጀራ «ዛሬ አትመጣም» ማለት ይሆንበታል።

መንግሥት ራሱ ባለ ጀልባ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መስከረም 26 ቀን 2002 የሰጠመችው የሴኔጋሏ ለ ጆላ የመንግሥት ንብረት ነበረች፤ የሚያንቀሳቅሳትም ጦር ኃይሉ ነበር። የተሠራችው 580 ለሚሆን ሰው ነው፤ የሞተው ከ1,800 በላይ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ መስከረም 20 ቀን 2018 የተገለበጠችው ኤምቪ ኔሬሬም የታንዛኒያ መንግሥት ድርጅት የሚያሠራት ነበረች። ልኳ 101 ሰው ሆኖ ከ220 በላይ ሰው ሞቶባታል። በዚያው ሐይቅ ላይ በ1996 ቡኮባ የምትባለዋ መርከብ 430 ሰው የመያዝ አቅም ኖሯት ከ800 በላይ ሰው ይዛ ሰጥማ ነበር። አንድ ሲቪል መርማሪ የወታደር መርከብ ላይ ወጥቶ፣ ወይም የበላዩ የሆነው ሚኒስቴር ንብረት ላይ ወጥቶ «ውረዱ» ሊል የሚችለው በሕግ የተጻፈ ሥልጣን ካለውና ከሥራው ማንም ሊያነሳው ካልቻለ ነው። በእኔ እምነት የመንግሥት ጀልባ ከግል ጀልባ እጥፍ ጥብቅ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሚከሰው የለምና።

አደጋ ሲደርስ መንስኤውን የሚያጣራውም ሌላ እጅ መሆን አለበት። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1967 ሲቋቋም ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ተያይዞ ነበር፤ በ1974 በወጣ ሕግ ሙሉ በሙሉ ተለየ። አይቀጣም፣ አያስርም። ግኝቱንና ምክሩን ግን በአደባባይ ያወጣል፣ ሌላውን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ስም ጠርቶ ይወቅሳል። ፈቃድ የሰጠው ሰው ራሱ አጣሪ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የሟቹ ካፒቴን ይሆናል።

ስለ መንገዱ ባጭሩ። እዚያም ያው የክብደት ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱ መንገድ ቀስ ብሎ መሞቱ ነው። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተሠራ ትልቅ ሙከራ እንደታየው፣ ጎማ በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በአክስሉ (ጎማዎቹን በሚያያይዘው አግዳሚ ብረት) ጭነት አራተኛ ኃይል ልክ፣ ማለትም ቁጥሩ አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚሆነው ልክ ያድጋል። አሥር ቶን መሸከም ያለበት አክስል 13 ቶን ቢጭን ትርፉ 30 በመቶ ይመስላል፤ አስፋልቱ የሚቀበለው ጉዳት ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሃያ ቢጭን 16 እጥፍ። ሚዛን ጣቢያ ላይ ሳለሁ ሾፌሮች «ትንሽ ናት እኮ» ሲሉኝ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ እሠራላቸው ነበር። ብዙዎቹ ይገባቸዋል። መንገዱም ይሰነጠቃል፣ ይጎደጉዳል፣ ሕዝቡ አይቶ ይጮኻል፣ ለመጠገን ጊዜ ይሰጣል። ውሃ ይህን ጊዜ አይሰጥም፤ ትናንት ያለ ችግር የደረሰው ትርፍ ሰው ዛሬ በአንድ ማዕበል ይገለብጠዋል።

ድልድይ ግን እንደ ጀልባ ነው። ኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ድልድይ ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 በሥራ መውጫ ሰዓት ወድቆ 46 ሰው ሲሞት መነሻው አንድ ብረት ላይ የነበረች 2.5 ሚሊ ሜትር የምትጠልቅ ስንጥቅ ነበረች። አሜሪካ በ1971 በየሁለት ዓመቱ ድልድይ የመመርመር ብሔራዊ ደንብ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ድልድይ ከተመረቀ በኋላ በወጉ ዞሮ የሚያየው ላይኖር ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ዘወትር የምሟገትበትን ነገር ላንሳ። ዓመታዊ ምርመራ የግድ ነው፤ ጀልባ ግን የሚሰጥመው በዓመቱ በአንዱ ቀን ነው። የገበያ ቀን ዋዜማ፣ በዓል ሲደርስ፣ ሐዘን ያለበት ብዙ ሰው ሲሻገር። ስለዚህ የቁጥጥሩ ልብ መወጣጫው ሳንቃ ላይ ቆሞ ሰው የሚቆጥረው፣ ደመወዙም ሥልጣኑም ትንሽ የሆነው ሠራተኛ ነው። ሥራዬን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጀልባ ላይ ወጥቼ የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ላይ አልኩ። ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነበር፤ 60። ሁሉም ግን በአንድ ሣጥን ተቆልፎባቸው፣ ሣጥኑ ላይ የእህል ጆንያ ተደርድሮበታል። ቁልፉ ባለቤቱ ዘንድ ነው፣ ባለቤቱ ከተማ ነው። አስወርደን ስንከፍት የአንዳንዱ ማሰሪያ በእጅ ሲሳብ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይበጠሳል። እንዳይነሳ አዘዝኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከበላይ ተደውሎ «ሰው እየጠበቀ ነው፣ ልቀቀው፣ ነገ ያስተካክላል» ተባልኩ። ለቀቅኩት። ምንም ሳይሆን ደረሰ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ምንም ሳይሆን የደረሰ ጀልባ ሁሉ ለሚቀጥለው መልቀቂያ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ ወዲህ ማገጃ ትእዛዝ ስሰጥ በጽሑፍ አድርጌ፣ እንዲነሳ የሚያዝም በጽሑፍ ስሙን ፈርሞ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። የሚደወለው ቁጥር በጣም ቀንሷል።

እርስዎ ተሳፋሪ ከሆኑ ሳይሳፈሩ በዓይንዎ ሊያዩት የሚችሉት አለ። ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ከንፈር ያለውን ደረቅ ግድግዳ ይመልከቱ፤ ሰው በገባ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፣ ማዕበል የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ሰው ሲሳፈር ጀልባው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቶሎ የማይመለስ፣ ሲመለስም እንደ ከበደው ቀስ የሚል ከሆነ አይሳፈሩ፤ ፈጥኖ ቀጥ የሚል ጀልባ ቢያንገላታም ይሻላል። ወለሉ ላይ ውሃ ካቆረም ይጠይቁ። በሳፋ ውሃ ይዞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሳፋው ትንሽ ዘንበል ሲል ውሃው ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና ጭራሽ ይገለብጠዋል። ጀልባ ውስጥም ያው ነው። ጣሪያ ላይ ሰው ካለ ከጭነቱ ብዛት በላይ ከፍታው ይፍሩ። ጃኬቱ ደግሞ እጅዎ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ መሆን አለበት።

የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ለሚፈልግ ደግሞ «ስንት ጀልባ ፈቃድ አላቸው?» ብሎ አይጠይቅ፤ የሚነገረው ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ጀልባ እንዳይነሳ ታገደ? በምን ጉድለት? ከታገዱት ውስጥ ጉድለቱ ሳይስተካከል የተለቀቀ አለ? ያስለቀቀውስ ማን ነው? መልሱ «አንድም አልታገደም» ከሆነ፣ ሐይቁ ላይ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ እንከን የለሽ ናቸው ማለት አይደለም። መወጣጫው ላይ ማንም አልቆመም ማለት ነው።